የብርሃንን ምስጢር የፈታው ሒሳብ ሹም

መርካቶ ምናለሽ ተራ ብቅ ያለ ሰው የቀጥቃጮቹን ሥራ ቆም ብሎ ሳያይ አያልፍም። ቀጥቃጩ ቴርሞሜትር የለውም። ብረቱ ሲግል ፍም ይመስላል፤ ሲብስበት ወደ ብጫ ይሄዳል። እሱም ቀለሙን አይቶ መዶሻውን ያነሳል። ታዲያ የጋለው ብረት በዓይን የማይታይ ቅንጣት ቢሆንስ? ያውም በበሽተኛ ገላ ውስጥ? ለዚህ ጥያቄ መንገድ ከጠረጉት ሊቃውንት አንዱ ሕንዳዊው ቻንድራሴካራ ቬንካታ ራማን ነው። (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

ራማን በ1888 በደቡብ ሕንድ በቲሩቺራፓሊ ተወለደ። አባቱ የሒሳብና የፊዚክስ መምህር ነበሩ። በማድራስ ፕሬዚደንሲ ኮሌጅ ፊዚክስ ተምሮ በ1907 የማስትሬት ዲግሪ አገኘ። ግን በቅኝ ግዛት ሥር ለነበረ ሕንዳዊ በሳይንስ እንጀራ መብላት ቀላል አልነበረም። ስለዚህ በዚያው ዓመት በካልካታ በገንዘብ መሥሪያ ቤት የሒሳብ ሹም ሆኖ ተቀጠረ።

በካልካታ ቦውባዛር የሚባል፣ እንደኛው መርካቶ ሰው የሚጋፋበት የገበያ ሠፈር አለ። እዚያ በ1876 የተቋቋመ የሳይንስ ማኅበር ነበረ። ራማን ጧት ከቢሮ በፊት፣ ማታ ከቢሮ በኋላ እዚያ እየሄደ ይመራመር ነበር። አሥር ዓመት እንዲህ ገፋ። በ1917 ዩኒቨርሲቲው የፊዚክስ ፕሮፌሰርነት ሲሰጠው ደመወዙ እንደሚቀንስ እያወቀ ማስተማሩን መረጠ።

በ1921 በመርከብ ሲጓዝ የሜዲትራኒያን ባሕር ሰማያዊነት አስገረመው። ምክንያቱን ለማወቅ ከተማሪዎቹ ጋር ብዙ ዓመት ደከመ። ሲጀምሩ መሣሪያቸው የፀሐይ ብርሃን፣ ባለቀለም መስተዋትና የገዛ ዓይናቸው ነበር። ፌብሩዋሪ 28 ቀን 1928 ከክሪሽናን ጋር ሆኖ፣ ብርሃን ነገርን ሲመታ ጥቂቱ ቀለሙን ለውጦ እንደሚወጣ አረጋገጠ። አንዱ ወገን ጉልበት አጥቶ ወደ ቀይ ያዘነብላል። ሌላው ከነገሩ ሙቀት ጉልበት ወስዶ ወደ ሰማያዊ ይሄዳል። ነገሩ በጋለ ቁጥር የሰማያዊው ድርሻ ይጨምራል። እንግዲህ ሁለቱን ማነጻጸር ሙቀትን መለካት ማለት ነው። በ1930 የኖቤል ሽልማት ተሸለመ፤ በ1970 በባንጋሎር አረፈ።

ሥራው ግን አላረፈም። ዛሬ ተመራማሪዎች ነቀርሳን በወርቅ ቅንጣት ለማጥፋት ይጥራሉ። ቅንጣቱ በናኖሜትር የሚለካ ነው፤ አንድ ናኖሜትር የሚሊሜትር አንድ ሚሊዮንኛ ነው። ወርቁ የሌዘር ብርሃን መጥጦ ይግላል። ብረት በዓይን የሚቀላው ከ500 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ ሲሆን ነው፤ የነቀርሳ ሴል ግን 50 ዲግሪ ገደማ ለጥቂት ደቂቃ ቢቆይበት ይሞታል። ግለቱ ካነሰ በሽታው ይተርፋል፤ ከበዛ ጤነኛው ሥጋ ያርራል። ቴርሞሜትር እንዳይገባ ደግሞ ከቅንጣቱ እጅግ ይተልቃል። ስለዚህ በቤተ ሙከራ ከወርቁ ተመልሶ የሚመጣውን ብርሃን ይመረምራሉ፤ ወደ ሰማያዊ ያዘነበለው ምን ያህል እንደሆነ አይተው ግለቱን ያሰላሉ። ቀጥቃጩ በዓይኑ የሚያደርገውን እነሱ በመሣሪያ ያደርጉታል ማለት ነው።

እጩ መምህራን፣ የቤተ ሙከራ ዕቃ የለም ብለን እጃችንን አጣጥፈን አንቀመጥ። ነገ ተማሪዎቻችንን ምናለሽ ተራ ወስደን፣ የብረቱ መጋል በምን እንደሚታወቅ ቀጥቃጩን እንዲጠይቁ እናድርግ። ትምህርቱ ከዚያ ይጀምራል።