አበበ ቢቂላ፦ በባዶ እግርም፣ በጫማም

በየዓመቱ የትምህርት ቤታችን የስፖርት ቀን ሲቃረብ ሁለት ዓይነት ልጆች አያለሁ። አንደኛው ጫማውን አውልቆ በባዶ እግሩ መነሻው መስመር ላይ ይቆማል፤ ለምን እንደሆነ ሲጠየቅ የአበበ ቢቂላን ስም ይጠራል። ሌላው ቁርጭምጭሚቱ ወለም ብሎት ሳለ ከቡድኑ እንዳይቀነስ ብሎ ሕመሙን ደብቆ ይለማመዳል፤ እርሱም ጀግና ማለት እንዲህ ነው ብሎ ያምናል። ሁለቱም የአበበን ታሪክ ሰምተዋል፤ የሰሙት ግን ግማሹን ነው። ስለዚህ በዘንድሮው መጽሔታችን የአበበን ሕይወት፣ በተለይም የጫማውንና የጉዳቱን ነገር፣ ለተማሪዎችም ለወላጆችም ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ለማውጋት ወደድኩ።

አበበ ነሐሴ 1 ቀን 1924 ዓ.ም. በሸዋ፣ ጃቶ በምትባል የገጠር መንደር ተወለደ። ቀኑ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ኦገስት 7 ቀን 1932 ሲሆን፣ በዚያው ዕለት በሎስ አንጀለስ ኦሊምፒክ የማራቶን ውድድር ተካሂዷል። በጃቶ ግን ስለ ማራቶን የሚያውቅ አልነበረም። ልጆቹ የሚያውቁት ገና ጨዋታን ነው፤ ዱላ ይዘው በሰፊ ሜዳ ላይ ጥንግ እያሳደዱ ቀኑን ሙሉ ይሮጣሉ። አበበም እንዲሁ አደገ። በወጣትነቱ ወደ አዲስ አበባ መጥቶ የክብር ዘበኛ ወታደር ሆነ፤ በዚያም ስዊድናዊው አሠልጣኝ ኦኒ ኒስካነን አገኘው። ከሱሉልታ ኮረብቶች እስከ አዲስ አበባ ያለው መንገድ የዘወትር መሮጫው ነበር።

በ1952 ዓ.ም. ክረምት መጨረሻ ላይ አበበ ለሮም ኦሊምፒክ ተጓዘ። በውጭ አገር ስሙን የሚያውቅ ሰው አልነበረም ማለት ይቻላል። እዚህ ላይ ነው ብዙዎቻችን የምንሳሳተው። አበበ ጫማ የማያውቅ ሰው ሆኖ፣ ወይም ጫማን ንቆ አይደለም በባዶ እግሩ የሮጠው። ወታደር ነበርና ጫማ ያውቃል። ነገር ግን ሮም ላይ ያገኘው አዲስ የመሮጫ ጫማ እግሩን አልተስማማውም፤ ፋቀው፣ ውኃም ቋጠረ። ማራቶን 42 ኪሎ ሜትር ከ195 ሜትር ነው። በመጀመሪያው ኪሎ ሜትር ትንሽ የሚቆረቁር ጫማ በሠላሳኛው ላይ ሥጋ ይልጣል። ስለዚህ ከአሠልጣኙ ጋር ተመካክሮ፣ ከማይስማማ ጫማ ይልቅ የለመደውን ባዶ እግሩን መረጠ። ያ ምርጫ የትዕቢት ሳይሆን የጥንቃቄ ነበር። እግሩ ለዓመታት በድንጋይና በአፈር ላይ የጠነከረ ስለሆነ የሮምን ጥርብ ድንጋይ ቻለው።

ውድድሩ ከሰዓት በኋላ ተጀምሮ ሲመሽ ያበቃ ነበር፤ ወታደሮች ችቦ ይዘው በመንገዱ ዳር ቆመዋል። አበበና የሞሮኮው ራዲ ቤን አብደሰላም ጎን ለጎን ሆነው ሌሎቹን ጥለው ሄዱ። ከግቡ ጥቂት ሲቀራቸው፣ ጣሊያኖች በወረራው ዘመን ከአገራችን ወስደው ሮም ላይ ካቆሙት የአክሱም ሐውልት አጠገብ ደረሱ። አበበ እዚያ ላይ ፍጥነቱን ጨምሮ ብቻውን ወጣ። በቆስጠንጢኖስ ቅስት ሥር ሲደርስ ሰዓቱ 2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16.2 ሰከንድ ነበር፤ በጊዜው ከዚያ ፈጥኖ ማራቶንን የጨረሰ ሰው አልነበረም። ለኦሊምፒክ ወርቅ የበቃ የመጀመሪያው ጥቁር አፍሪካዊም ሆነ። ያ ምሽት ጳጉሜን 5 ቀን 1952 ዓ.ም. ነበር፤ ማግስቱ እንቁጣጣሽ ነው። ኢትዮጵያ አዲሱን ዓመት በዚህ ዜና ተቀበለችው።

በሚቀጥለው ዓመት አበበ በአቴንስ በባዶ እግሩ ሮጦ አሸነፈ። ወደ ኦሳካ ሲሄድ ግን ኦኒትሱካ የተባለው ጃፓናዊ ጫማ ሠሪ ቀርቦ አነጋገረው፤ አበበም ጫማ አድርጎ ሮጠ፤ አሸነፈም። ስለዚህ በባዶ እግሩ የታወቀው ሰው የሚስማማው ጫማ ሲያገኝ ለማድረግ አላመነታም። ዝናውን ለመጠበቅ ሲል እግሩን አልጎዳም።

ቀጥሎ የመጣው ፈተና ከጫማ የከበደ ነበር። በ1957 ዓ.ም. መባቻ፣ የቶኪዮ ኦሊምፒክ ማራቶን ስድስት ሳምንት እንኳ ሳይቀረው፣ አበበ በልምምድ ላይ ሳለ ሆዱን ያመው ጀመር። ሕመሙን ለመቻል ሞከረ፤ በመጨረሻ ግን ወደቀ። ሐኪም ቤት ሲወሰድ ትርፍ አንጀት ሆኖ ተገኘና ቀዶ ሕክምና ተደረገለት። እንኳን ሊያሸንፍ፣ ለመወዳደር ይበቃል ብሎ የጠበቀ ጥቂት ነበር። እርሱ ግን ከአልጋው ተነስቶ ወደ ልምምዱ ተመለሰና ከቡድኑ ጋር ወደ ጃፓን ሄደ።

ጥቅምት 11 ቀን 1957 ዓ.ም. አበበ በቶኪዮ ነጭ የፑማ ጫማ አድርጎ ተሰለፈ። ከመንገዱ ግማሽ በኋላ የሚከተለው ሰው አልነበረም። በ2 ሰዓት ከ12 ደቂቃ ከ11.2 ሰከንድ ገብቶ የዓለምን ምርጥ ሰዓት ዳግመኛ አሻሻለ፤ ሁለተኛ የወጣው እንግሊዛዊው ባዚል ሂትሊ ከአራት ደቂቃ በላይ ዘግይቶ ደረሰ። አበበ ግን ሣሩ ላይ ተኝቶ እግሩን ወደ ላይ እያነሳ ሰውነቱን ያፍታታ ነበር። ማራቶንን በኦሊምፒክ ሁለት ጊዜ ያሸነፈ የመጀመሪያው ሰው ሆነ። አገር ቤት ሲመለስም ማዕረግና አንዲት ነጭ ቮልስዋገን መኪና ተሸለመ።

ይህን የሰማ ልጅ፣ በሽተኛ ሆኖ መሮጥ ይቻላል ማለት ነው ብሎ እንዳይደመድም እፈራለሁ። ነገሩን በደንብ እንየው። የአበበን ሕመም ሐኪሞች አግኝተው ቆርጠው አውጥተውታል፤ መንስኤው ተወግዷል። እግሮቹ፣ ጉልበቶቹና ቁርጭምጭሚቶቹ ደህና ነበሩ። ከኋላውም የብዙ ዓመት ልምምድ ነበረው፤ የጥቂት ቀን ዕረፍት ያንን አያጠፋውም። እንዲያም ሆኖ የሱ ዓይነት አመላለስ ብርቅ ነው። ብርቅ በመሆኑም ነው ዛሬም ድረስ የሚወራው።

የእግር ጉዳት ሌላ ነገር ነው፤ ይህንንም የሚያስተምረን ያው አበበ ነው። በ1959 ዓ.ም. ማብቂያ ላይ ስፔን ውስጥ ሲወዳደር እግሩን ተጎዳና አቋረጠ። ከዚያ በኋላ እግሩ እንደ ቀድሞው አልሆነለትም። ንጉሠ ነገሥቱ ለሕክምና ወደ ጀርመን ላኩት፤ ሲመለስም አሥመራ ላይ ከኦሊምፒክ ቡድኑ ጋር ተቀላቀለ። ሜክሲኮ ሲቲ እንደ አዲስ አበባ ከፍታ ላይ ያለች ከተማ ስለሆነች ሁሉም ሦስተኛውን ወርቅ ከእርሱ ይጠብቅ ነበር። ደረቱ ላይ የለጠፈው ቁጥርም 1 ነበር።

ጥቅምት 10 ቀን 1961 ዓ.ም. ከፊተኞቹ ጋር መሮጥ ጀመረ። ከ16 ኪሎ ሜትር ገደማ በኋላ ግን እግሩ እንቢ አለ፤ አበበ መንገዱን ለቆ ወጣ። በኦሊምፒክ ማራቶን ተሸንፎ የማያውቀው ሰው መንገድ ዳር ቀረ። ወርቁ ግን ከኢትዮጵያ አልወጣም፤ የክብር ዘበኛ ጓደኛውና የረጅም ጊዜ የልምምድ አጋሩ ማሞ ወልዴ በ2 ሰዓት ከ20 ደቂቃ ከ26.4 ሰከንድ አንደኛ ሆነ።

በሁለቱ ታሪኮች መካከል ያለው ልዩነት ድፍረት አይደለም። በቶኪዮም በሜክሲኮም ያው ደፋር ሰው ነበር። ልዩነቱ ጉዳቱ ያለበት ቦታና የመዳኑ ደረጃ ነው። ሯጭ በእያንዳንዱ እርምጃ መላ ክብደቱንና ከዚያም በላይ በአንድ እግሩ ላይ ያሳርፋል፤ በማራቶን ይህ በብዙ ሺህ ጊዜ ይደጋገማል። ያልዳነ እግር ያንን አይችልም፤ ልብ ቢፈቅድም አጥንትና ጅማት አይፈቅዱም። በዚያ ላይ የታመመውን እግር ለማዳን ስናነክስ ሸክሙ ወደ ጤነኛው ይዞርና እርሱንም እንጎዳለን። አበበ በ16ኛው ኪሎ ሜትር ላይ መውጣቱን እንደ ሽንፈት የሚቆጥር አለ። እኔ ግን ለልጆቻችን ከሮም ወርቅ ባልተናነሰ መነገር ያለበት ይመስለኛል፤ ዓለም እያየው፣ አገር እየጠበቀው፣ በቃኝ ማለትን ችሏልና።

ከአምስት ወር በኋላ፣ መጋቢት 13 ቀን 1961 ዓ.ም. ሌሊት፣ ሻምበል አበበ ያችን ቮልስዋገን ሲነዳ ሸኖ አካባቢ ተገለበጠ። አንገቱና አከርካሪው ተጎዱ፤ መጀመሪያ ላይ እጆቹን እንኳ ማንቀሳቀስ አልቻለም። በእንግሊዝ አገር ወደሚገኘው ስቶክ ማንደቪል ሆስፒታል ተወስዶ ስምንት ወር ያህል ታከመ። እጆቹ ቀስ በቀስ ተመለሱለት፤ እግሮቹ ግን ከዚያ በኋላ አልቆሙም። ሁለት ጊዜ ዓለምን በእግሩ ያስደነቀ ሰው በ36 ዓመቱ በተሽከርካሪ ወንበር ላይ ተቀመጠ።

ስቶክ ማንደቪል ሉድቪግ ጉትማን የተባሉት ሐኪም አከርካሪያቸው የተጎዳ ሰዎችን በስፖርት እንዲያገግሙ ያደርጉበት የነበረ ስፍራ ነው፤ የዛሬው ፓራሊምፒክ የተወለደው ከዚያ ነው። አበበም በ1970 እ.ኤ.አ. እዚያው በተደረገው የአካል ጉዳተኞች ውድድር ላይ በቀስት ውርወራና በጠረጴዛ ቴኒስ ተሳተፈ። በሚቀጥለው ዓመት ወደ ኖርዌይ ተጋብዞ ሄደ፤ እዚያም በበረዶ ላይ ውሾች በሚጎትቱት ጋሪ ተወዳድሮ አሸነፈ። ሩጫው ከእርሱ ተወስዷል፤ መወዳደሩን ግን አልተወም። በሙኒክ ኦሊምፒክ የክብር እንግዳ ሆኖ ሲገኝ ሕዝቡ ቆሞ አጨበጨበለት፤ ማራቶኑን ያሸነፈው አሜሪካዊው ፍራንክ ሾርተርም ሜዳሊያውን ከተቀበለ በኋላ ሄዶ ጨበጠው። ማሞ ወልዴ በዚያ ውድድር ሦስተኛ ወጣ።

ሻምበል አበበ ጥቅምት 15 ቀን 1966 ዓ.ም.፣ ከአደጋው ጋር በተያያዘ ሕመም፣ በ41 ዓመቱ ዐረፈ። በአዲስ አበባ ቅዱስ ዮሴፍ ሲቀበር ንጉሠ ነገሥቱ ተገኝተዋል፤ በአስር ሺዎች የሚቆጠር ሕዝብም ሸኝቶታል።

አሁን ወደ ራሳችን ሜዳ እንመለስ። ወላጆች፣ ለልጆቻችን ጫማ ስንገዛ ዋጋና ስም አይቅደም። ጫማውን ወደ ማታ፣ እግር ትንሽ ሲያብጥ፣ በሚሮጥበት ካልሲ እናስለካ። ከረጅሙ ጣት ፊት የአውራ ጣት ስፋት ያህል ቦታ ይኑር፤ ተረከዙ አይሸራተት፤ ጎኑ አይጫን። ያደገ ልጅ ያድግበታል ተብሎ ሁለት ቁጥር ያለፈ ጫማ መግዛትም፣ ከታላቅ ወንድም የወረደ ሶሉ ያለቀ ጫማ ማስሮጥም ያው ጉዳት ነው። አዲስ ጫማ ደግሞ በውድድር ቀን አይመረቅም፤ ቀደም ብሎ በእግር ጉዞና በአጭር ልምምድ ይለመድ። ሮም ላይ አበበን የፈተነው ይኸው ነበር።

ተማሪዎች፣ እግራችሁን ሲያማችሁ ለአሠልጣኙ ወይም ለወላጅ ንገሩ። ሳታነክሱ መራመድ ሳትችሉ አትሩጡ። መራመዱ ያለ ሕመም ሲሆን ትንሽ ሩጡ፣ ትንሽ ተራመዱ፤ በማግስቱ ካላመማችሁ ብቻ ጨምሩ። ሕመሙ ከተመለሰ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ ተመለሱ። የሚቀጥል ሕመም ካለ ሐኪም ይየው። የዘንድሮው ውድድር ቢያልፍ የከርሞው ይመጣል።

በ2002 ዓ.ም. ሲራጅ ገና የተባለው አትሌታችን የሮም ማራቶንን ሲያሸንፍ፣ ለሮም ድል 50ኛ ዓመት መታሰቢያ ብሎ ጫማውን አውልቆ በባዶ እግሩ ገብቷል። ጫማውን ያወለቀው ግን ሦስት መቶ ሜትር ሲቀረው ነው፤ ሌላውን ሁሉ የሮጠው በጫማ ነበር። አበበን ማክበር የሚፈልግ ልጅ ከሲራጅ ይማር።