ራሱ ደክሞ የማይደክም ሞተር ያወረሰ መሐንዲስ

ማለዳ ነው። በአንድ የከተማ ግቢ ውስጥ ከአርባ ዓመት በላይ ያገለገለች የጀርመን መርሰዲስ ቆማለች። ባለቤቷ ቁልፉን በግማሽ አዙሮ ይጠብቃል። ከመሪው ፊት ያለችው ትንሽ መብራት እስክትጠፋ ድረስ አይቸኩልም። መብራቷ ስትጠፋ ቁልፉን ጨርሶ ያዞራል፤ ሞተሩም እያንኳኳ ይነሣል። በዚያው ሰዓት በገጠር የወፍጮ ቤቱ ሞተር ድምፁን ማሰማት ይጀምራል። ወንዝ ዳር ያለው አርሶ አደርም ለመስኖ ውኃ የሚስብበትን ሞተር ያስነሣል።

መኪናዋም፣ ወፍጮውም፣ የውኃ መሳቢያውም የሚሠሩት በአንድ ሰው ሐሳብ ነው። ያ ሰው ሩዶልፍ ዲዝል ይባላል። እኛ ነዳጁን ከጣልያኖች በወረስነው ቃል ናፍጣ ስለምንለው የሰውየው ስም ከአፋችን ብዙም አይገባም። ዲዝል የሚለውን ቃል የሚያውቁም ቢሆኑ ብዙዎቹ የሞተር ዓይነት እንጂ የሰው ስም አይመስላቸውም። ስሙ በዓለም የናኘው ይህ መሐንዲስ ግን በድካም፣ በዕዳና በምሥጢር የተዘጋ ሕይወት ነበረው።

ሩዶልፍ ዲዝል እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ማርች 18 ቀን 1858 በፓሪስ ከተማ ተወለደ። ወላጆቹ ከጀርመን ባቫሪያ የመጡ ስደተኞች ነበሩ። አባቱ የመጽሐፍ ጥራዝና የቆዳ ሥራ ባለሙያ ነው፤ ልጁም የተሠራውን ዕቃ ለደንበኞች በማድረስ አባቱን ያግዝ ነበር። ሥራ ባልያዘው ሰዓት ፓሪስ ወደሚገኘው የቴክኒክ ሙዚየም እየሄደ አሮጌ ማሽኖችን ይመለከትና በወረቀት ላይ ይሥላቸው ነበር።

በ1870 በፈረንሳይና በፕሩሺያ መካከል ጦርነት ተነሣ። ጀርመናውያን ከፓሪስ እንዲወጡ ሲገደዱ የዲዝል ቤተ ሰብም ወደ ለንደን ተሰደደ። በለንደን ኑሮው ስለከበደ የ12 ዓመቱ ልጅ ለብቻው ወደ አውግስቡርግ ተላከ። ጦርነት ባናወጠው የባቡር መሥመር ብዙ ቀናት ተጉዞ የሒሳብ መምህር ከነበረው ዘመዱ ቤት ደረሰ። በዚያ ቤት አደገ፤ በዚያች ከተማም ቴክኒክ ተማረ። ገና በ14 ዓመቱ መሐንዲስ ለመሆን መቁረጡን ለወላጆቹ ጽፎ አስታወቀ። ከክፍል ጓደኞቹ ቀዳሚ ሆኖ ስለጨረሰም ወጪው ተችሎት ሙኒክ በሚገኘው የቴክኒክ ከፍተኛ ትምህርት ቤት የመማር ዕድል አገኘ።

በሙኒክ ያስተማረው ፕሮፌሰር ካርል ፎን ሊንደ ነው። ሊንደ የማቀዝቀዣ ማሽንን ለዓለም ካስተዋወቁት ቀዳሚ ሊቃውንት አንዱ ነበር። በአንድ ትምህርቱ ላይ የእንፋሎት ሞተር ከሚያቃጥለው ከሰል ሙቀት ውስጥ ወደ ሥራ የሚለውጠው ከ10 እጅ አንዱን ያህል ብቻ እንደሆነ ለተማሪዎቹ አስረዳ። የቀረው ሁሉ በጭስ ማውጫው ይባክናል። ይህ ነገር የወጣቱን ዲዝል ልብ ወጋው። ፈረንሳዊው ሳዲ ካርኖ በወረቀት ላይ ያሳየውን የላቀ ሞተር በብረት እሠራለሁ ብሎ ተነሣ። በ1880 በከፍተኛ ማዕረግ ተመርቆ በመምህሩ የበረዶ ማምረቻ ሥራ ሲቀጠርም ሐሳቡን አልተወም። በ1883 ማርታ ፍላሸን አገባ፤ ሦስት ልጆችም ወለዱ። በፓሪስ ሳለ በአሞኒያ እንፋሎት የሚሠራ ሞተር ለመፍጠር ዓመታት ደከመ፤ ሙከራው ግን አልሰመረለትም።

የመጨረሻው ሐሳቡ ሲነገር ቀላል ነው። የብስክሌት ጎማ የነፋ ሰው ሁሉ የመንፊያው ጫፍ እንደሚግል ያውቃል። አየር ሲታመቅ ይሞቃልና። ዲዝል ያሰበው አየርን በሲሊንደር ውስጥ እጅግ አምቆ፣ ነዳጁ ሲረጭበት ያለ ክብሪትና ያለ ብልጭታ በራሱ እንዲቀጣጠል ማድረግ ነበር። የቤንዚን ሞተር ነዳጁን የሚለኩስ ካንዴላ ያስፈልገዋል። የዲዝል ሞተር የሚለኮሰው ግን በታመቀው አየር ግለት ነው።

በ1892 የፈጠራ መብት ጠየቀ፤ በተከታዩ ዓመትም ሐሳቡን በመጽሐፍ አሳተመ። ብዙ ባለሙያዎች እንዲህ ያለውን ግፊት የሚችል ብረት የለም ብለው ተጠራጠሩ። የአውግስቡርግ የማሽን ፋብሪካ በመጀመሪያ እምቢ ቢልም በኋላ ቦታና ሠራተኛ ሰጠው፤ ታላቁ የብረት ኩባንያ ክሩፕም ወጪውን ተጋራ። ኦገስት 10 ቀን 1893 የመጀመሪያው ሞተር ተሞከረ። ነዳጁ በእርግጥም በራሱ ተቀጣጠለ፤ ግፊቱ ግን የመለኪያ መሣሪያውን አፈነዳው። ስብርባሪው በቆሙት ሰዎች አጠገብ አለፈ። ሌላ ሰው ሥራውን በዚያ ያቆም ይሆናል፤ ዲዝል ግን ሐሳቡ ትክክል መሆኑን ያየው በዚያ ፍንዳታ ነው።

ከዚያ በኋላ ያሉት ዓመታት የመፍታትና የመግጠም ዓመታት ነበሩ። ፌብሯሪ 17 ቀን 1894 ሞተሩ ለመጀመሪያ ጊዜ በራሱ ኃይል ዞረ፤ የዞረውም ለአንድ ደቂቃ ያህል ብቻ ነው። ልክ በሦስተኛ ዓመቱ፣ ፌብሯሪ 17 ቀን 1897፣ አዲስ የተሠራው ሞተር በሙኒኩ ፕሮፌሰር ሞሪትዝ ሽሮተር ፊት ተፈተነ። በእኛ አገር የዐድዋ ድል አንድ ዓመት ሊሞላው ጥቂት ቀናት የቀሩበት ጊዜ ነበር። ሦስት ሜትር ያህል ቁመት ያለው ባለ አንድ ሲሊንደር ሞተር ከነዳጁ ሙቀት 26.2 በመቶውን ወደ ሥራ ለወጠ። በዘመኑ እንዲህ ያለ ውጤት ያስመዘገበ ሞተር አልነበረም።

ዝናና ገንዘብ በአንድ ጊዜ መጡ። አሜሪካዊው ባለሀብት አዶልፈስ ቡሽ በአገሩ ሞተሩን የመሥራት መብት ለማግኘት አንድ ሚሊዮን ማርክ ከፈለ። የሌሎች አገሮች ኩባንያዎችም ተከተሉ። ዲዝል በሙኒክ ታላቅ ቤት ሠራ። ይሁን እንጂ ሞተሩ ለገበያ የወጣው ገና ሳይበስል ነበር። በ1898 ኬምፕተን በተባለች ከተማ የክብሪት ፋብሪካ ውስጥ የተተከለው የመጀመሪያው የንግድ ሞተር እየተበላሸ አስቸገረ። የፈጠራ መብቱን የሚሟገቱ ሰዎች ፍርድ ቤት አቆሙት። ዲዝል ጤናው ተቃውሶ በዚያው ዓመት ማገገሚያ ገባ። ከሞተር ጥበብ ውጭ የነበረው ዕውቀት ግን አልረዳውም፤ ገንዘቡን በቤትና በመሬት ንግድ፣ በአክሲዮንም ላይ አውሎ ብዙውን ከሰረ።

የሰውየው ምኞት ሀብት ብቻ አልነበረም። ኃይል የትልልቅ ፋብሪካዎች ብቻ ሆኖ እንዳይቀር፣ በትንሽ መንደር ያለ የእጅ ባለሙያም የራሱ ሞተር እንዲኖረው ይፈልግ ነበር። ሠራተኞች በማኅበር ተደራጅተው የሥራቸው ባለቤት የሚሆኑበትን መንገድ በ1903 ጽፎ አሳተመ፤ መጽሐፉን የገዙት ግን ጥቂቶች ነበሩ። በ1900 በፓሪስ በተካሄደው የዓለም ኤግዚቢሽን ሞተሩ ከፍተኛውን ሽልማት አገኘ። በዚያው ኤግዚቢሽን ላይ አንድ አነስተኛ የዲዝል ሞተር በለውዝ ዘይት ሲሠራ ታይቷል። ዲዝልም በኋላ ዘመኑ አርሶ አደር ከማሳው የሚያገኘው ዘይት አንድ ቀን ለሞተር ነዳጅነት ዋጋ እንደሚኖረው ተናግሮ ነበር።

በ1912 ሰላንዲያ የተባለችው የዴንማርክ መርከብ በዲዝል ሞተር ውቅያኖስ ስታቋርጥ ዓለም ተደነቀ። ዲዝልም በዚያው ዓመት አሜሪካን ጎብኝቶ በክብር ተቀበሉት። በአደባባይ እንዲህ ሲከበር በቤቱ ግን ዕዳው ተቆልሎ ነበር። የኪሳራውን መጠን ከሰው ደበቀ።

ሴፕቴምበር 29 ቀን 1913፣ በእኛ አቆጣጠር መስከረም 19 ቀን 1906 ዓ.ም፣ ዐፄ ምኒልክ ከማረፋቸው ከሁለት ወር ተኩል ያህል ቀደም ብሎ ነው። ዲዝል ከቤልጂየሟ አንትወርፕ ወደ እንግሊዝ በምትሄደው ድሬስደን በተባለች መርከብ ተሳፈረ። ከጓደኞቹ ጋር እራት በላ፤ ጠዋት እንዲቀሰቅሱት አዝዞም ወደ ክፍሉ ገባ። ጠዋት ሲፈለግ አልተገኘም። አልጋው አልተኛበትም። ባርኔጣውና ካፖርቱ ከመርከቧ ኋላ ተገኙ። ከቀናት በኋላ የሆላንድ ጀልባ መርከበኞች በባሕር ላይ አንድ አስከሬን አገኙ፤ በኪሱ የነበሩትን ዕቃዎች ወስደው አስከሬኑን ለባሕሩ መለሱት። ልጁ ዕቃዎቹ የአባቱ መሆናቸውን አረጋገጠ። ዲዝል 55 ዓመቱ ነበር። ባለቤቱ ከጉዞው በፊት የተወላትን ቦርሳ ስትከፍት ጥሬ ገንዘብና የባንክ ሒሳባቸው ባዶ መሆኑን የሚያሳዩ ወረቀቶች እንዳገኘች ይተረካል። ራሱን አጠፋ ያሉ አሉ፤ ተገደለ ያሉም አሉ። እስከ ዛሬ የተረጋገጠ መልስ የለም።

ዲዝል በሕይወቱ ሞተሩን በቤት መኪና ላይ ተገጥሞ አላየውም። በእርሱ ዘመን ነዳጁ የሚረጨው በታመቀ አየር ስለነበር ለዚያ የሚያስፈልገው ዕቃ ለመኪና እጅግ ከባድ ነበር። ችግሩን የፈቱት ከኋላው የመጡ ናቸው። ፕሮስፐር ሎራንዥ የተባለው መሐንዲስ ነዳጁ አስቀድሞ የሚቀጣጠልበትን ትንሽ ክፍል ፈጠረ፤ የቦሽ ኩባንያ በ1927 አስተማማኝ የናፍጣ ፓምፕ በብዛት ማምረት ጀመረ። በ1936 መርሰዲስ ቤንዝ 260 ዲ የተባለችውን የዲዝል መኪና በበርሊን አቀረበ፤ የታክሲ ነጂዎችም ወደዷት። ከእርሷ የልጅ ልጆች አንዷ የሆነችው 240 ዲ በጽናቷ ትታወቃለች። በ1976 የተሠራች አንዲት የግሪክ ታክሲ፣ ሞተሮቿ በየጊዜው እየተቀያየሩና እየታደሱ፣ 4.6 ሚሊዮን ኪሎ ሜትር ከሄደች በኋላ ለመርሰዲስ ሙዚየም ተሰጥታለች።

እንዲህ ያለችውን አሮጌ መኪና በግቢው የሚጠግን ሰው ሳያውቀው የዲዝልን መጽሐፍ ገጽ በገጽ እየተከተለ ነው። የሞተሩ ሕይወት እምቅ አየር ነው። በ240 ዲ ሲሊንደር ውስጥ አየሩ ከነበረው ቦታ ወደ 21ኛው እጅ ይታመቃል። የቫልቮቹ ክፍተት ከጊዜ ብዛት ሲጠብ ግን አየሩ ያፈተልካል፤ ግለቱም ይቀንሳል፤ ሞተሩ በጠዋት አልነሣም ይላል። ስለዚህ የቫልቭ ሬጂስትሮ በየጊዜው ይደረጋል። በ240 ዲ ሞተሩ ቀዝቅዞ ሳለ የአየር ማስገቢያው ቫልቭ ክፍተት 0.10፣ የጭስ ማስወጫው 0.30 ሚሊ ሜትር ነው። ባለቤቱ በጠዋት የሚጠብቃት መብራትም ሲሊንደሩን የሚያሞቁት ካንዴላዎች መሥራታቸውን ትነግረዋለች። አንዱ ከተቃጠለ ሞተሩ በብርድ ይንቀጠቀጣል፤ ሲሞቅ ግን ይስተካከላል።

ሁለተኛው ነገር ንጹሕ ናፍጣ ነው። ፓምፑና ነዳጅ የሚረጩት አፎች እጅግ በጠበበ ልክ የተሠሩ ናቸው፤ ጥቂት ውኃ ወይም አቧራ ያበላሻቸዋል። ከበርሜል የሚቀዳ ናፍጣ ከሥሩ ዝቃጭ ሳይነካ መቀዳት አለበት። ፊልትሮውም ሳይዘጋ መቀየር ይኖርበታል። ፊልትሮ ከተቀየረ በኋላ መሥመሩ አየር ከያዘ ሞተሩ አይነሣም፤ ያን ጊዜ ከናፍጣ ፓምፑ አጠገብ ባለችው የእጅ ፓምፕ አየሩ ይወጣል። ሞተሩ እየዞረ ሳለ ግን ከሚረጨው ናፍጣ ፊት እጅን ማድረግ አይገባም። ከ100 ባር በላይ በሆነ ግፊት ስለሚወጣ ቆዳን ይበሳል፤ ይህ የደረሰበት ሰው ቁስሉ ትንሽ ቢመስልም ፈጥኖ ሐኪም ዘንድ መሄድ አለበት።

ሦስተኛው ጭሱን ማየት ነው። ጥቁር ጭስ ነዳጁ በዝቶ ወይም የአየር ፊልትሮው ተዘግቶ አየር ማነሱን ያሳያል። ሰማያዊ ጭስ የሞተር ዘይት እየተቃጠለ መሆኑን ይናገራል። ሞተሩ ከሞቀ በኋላም የማይለቅ ነጭ ጭስ ናፍጣው በሚገባ አለመቀጣጠሉን፣ አለዚያም ውኃ ወደ ሲሊንደሩ መግባቱን ያመለክታል። የወፍጮ ቤቱም፣ የመስኖውም ሞተር የሚናገረው በዚሁ ቋንቋ ነው። ምልክቱን በጊዜ ያየ ባለቤት በጥቂት ወጪ ያድነዋል፤ ዛሬ ነገ ያለ ግን በመኸር መካከል ወፍጮው ይቆምበታል፣ በደረቅ ወራትም ማሳው ይደርቅበታል።

በ1897 የተፈተነው ሞተር ዛሬም በሙኒክ በሚገኘው የጀርመን ሙዚየም ይታያል። የሠሪው መቃብር ግን የለም። ሩዶልፍ ዲዝል ያወረሰን ሞተር ሳይቆም በፊት በድምፁና በጭሱ ሕመሙን ይናገራል። እርሱ ግን ከብዶት ሳለ ዝም አለ፤ ለቅርብ ሰዎቹም ሳይነግር በጨለማው ባሕር ላይ ጠፋ። በየማለዳው ሞተሩን አስነሥቶ ድምፁን የሚያደምጥ ሰው በግቢው ስላሉት ሰዎችም ሊያስብ ይገባዋል። ከብረቱ ይልቅ ሰው ሸክሙን ይደብቃልና።