ሲልቪያ ፓንክኸርስት፦ ከጦርነት ተቃውሞ እስከ አርበኞች ድጋፍ

ሲልቪያ ፓንክኸርስት እ.ኤ.አ. በ1882 በማንቸስተር ተወለዱ። በ1914 አንደኛው የዓለም ጦርነት ሲፈነዳ፣ እናታቸው ኤመሊንና እኅታቸው ክሪስታቤል ከመንግሥት ጎን ቢቆሙም፣ እርሳቸው ጦርነቱን በመቃወማቸው የቤተሰቡ ቅራኔ ሰፋ። በ1920 በጋዜጣቸው ባወጧቸው ጽሑፎች ሳቢያ ታሰሩ፤ በ1921 ደግሞ ከብሪታንያ ኮሚኒስት ፓርቲ ተባረሩ።

ፋሺስት ኢጣሊያ ኢትዮጵያን ስትወር ግን በ1936 «ኒው ታይምስ ኤንድ ኢትዮጵያ ኒውስ» የተባለውን ጋዜጣ መሥርተው የአርበኞችን ትግል ደገፉ። የጦርነት ተቃዋሚ ለትጥቅ ትግል፣ ሶሻሊስትም ለንጉሠ ነገሥት መቆማቸው አከራካሪ ነው። የመጀመሪያው ተቃርኖ ግን የሚፈታ ይመስላል፤ የተቃወሙት የኃያላንን የቅርምት ጦርነት፣ የደገፉት የተወረረ ሕዝብን መከላከል ነበርና። ሁለተኛው ዛሬም ምርምር ይሻል። በ1956 ኑሯቸውን አዲስ አበባ አድርገው፣ በ1960 ዐርፈው በቅድስት ሥላሴ ካቴድራል ተቀበሩ።