የኢብኑ ኡሙ መክቱም ታሪክ፤ ደካማን በቤቱ ስለ መርዳት

ምስጋና ሁሉ ለዓለማት ጌታ ለአላህ ይገባዋል። ሰላትና ሰላም በነቢያችን በሙሐመድ፥ በቤተ ሰቦቻቸውና በባልደረቦቻቸው ሁሉ ላይ ይሁን። ከዚህ በኋላ፥ ወንድሜ ሆይ፥ ዕወቅ፤ በቤትህ ያለ በሽተኛ ወይም አካሉ የደከመ ሰው አላህ በእጅህ ያኖረው አደራ ነው። አደራ ደግሞ ተሸሽጎ የሚረሳ ዕቃ አይደለም፤ ክብሩ ሳይጎድል የሚጠበቅ ነው እንጂ። ይህን ትረዳ ዘንድ የአንድ ታላቅ ሰው ታሪክ አድምጥ።

እኚህ ሰው ዐብዱላህ ኢብኑ ኡሙ መክቱም ናቸው፤ ስማቸው ዐምር ነው ያሉም አሉ። ትውልዳቸው ከመካ ቁረይሾች ሲሆን ለምእመናን እናት ለኸዲጃ የአጎት ልጅ ነበሩ። ዐይነ ስውር ሆነው ሳሉ እስልምናን ከቀደሙት ጋር ተቀበሉ። አንድ ቀን ነቢዩ የቁረይሽን አለቆች ወደ ሃይማኖት ሲጠሩ ሳለ እኚህ ሰው መጥተው ያስተምሯቸው ዘንድ ለመኑ። ነቢዩም ንግግሩ ስለ ተቋረጠ ፊታቸውን ቋጠር አድርገው ዞር አሉ። ዐይነ ስውሩ ያን ፊት አላዩም፤ አላህ ግን አየ። ስለዚህም ሱረቱ ዐበሰ ወረደ፤ ከዚያም ወዲህ ነቢዩ እጅግ ያከብሯቸው ነበር።

ወንድሜ ሆይ፥ ክብሩ በቃል ብቻ እንዳይመስልህ። በ622 እ.ኤ.አ. ከሆነው የነቢዩ ስደት አስቀድሞ ኢብኑ ኡሙ መክቱም ከሙስዐብ ኢብኑ ዑመይር ጋር ወደ መዲና ሄደው ሕዝቡን ቁርኣን አስተማሩ። ነቢዩም ለዘመቻ ሲወጡ ከአንድ ጊዜ በላይ በስፍራቸው ተክተዋቸዋል። ከሐበሻው ቢላል ጋርም የመስጊዱ ሙአዚን ሆኑ። በረመዳን ቢላል ገና ሌሊት ሳለ ይጣሩ ነበር፤ የጾሙን መጀመሪያ የሚያስታውቀው ግን የኢብኑ ኡሙ መክቱም አዛን ነበረ። ጎሕ መቅደዱን ሊያዩ ስለማይችሉ ሰዎች ይነግሯቸው ነበር፤ ያን ጊዜ ይጣራሉ። እንግዲህ አስተውል፤ ጎረቤቶቻቸው ዐይን አበደሯቸው እንጂ ሥራቸውን አልወሰዱባቸውም። እርዳታ ማለት ይህ ነው።

ደግሞም ወደ መስጊድ የሚመራቸው ሰው ስለ ቸገራቸው በቤት ይሰግዱ ዘንድ ፈቃድ ጠየቁ። ነቢዩ በመጀመሪያ ፈቀዱላቸው፤ ኋላ ግን አዛኑን እንደሚሰሙ ባወቁ ጊዜ ከጀመዓው እንዳይቀሩ አሳሰቧቸው። እርሳቸው መምጣት ከተገባቸው፥ እጃቸውን ይዞ መምራት የማን ግዴታ ይሆናል? ዐይን ያለው ጎረቤት አይደለምን?

በ636 እ.ኤ.አ. ገደማ በሆነው በቃዲሲያ ጦርነትም የብረት ልብስ ለብሰው ዓርማ ይዘው ቆሙ። በዚያ ሰማዕት ሆኑ ያሉ አሉ፤ ወደ መዲና ተመልሰው ሞቱ ያሉም አሉ። አላህ ሥራቸውን ይውደድላቸው።

አሁን ወደ ቤትህ ተመልከት። በገሱባ የምትነግድ ወንድሜ ሆይ፥ በወላይታ ምድር እግሩ በዝሆኔ ያበጠ ሰው አላየህምን? በ2003 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት በወላይታ ከመቶ ሰዎች ከ5 የሚበልጡት ይህ በሽታ እንዳለባቸው አስታውቋል። በሽታው እርግማን አይደለም፤ ከሰው ወደ ሰውም አይተላለፍም። ከእሳተ ገሞራ የተገኘውን ቀይ አፈር ለዓመታት በባዶ እግር ከመርገጥ የሚመጣ ነው፤ በዘር የተጋለጡትንም አብልጦ ይይዛል። ሆኖም እንግዳ ሲመጣ በሽተኛው ወደ ጓዳ ይገባል፤ የእኅቱ ጋብቻ እንዳይቀር፥ ደንበኛም እንዳይሸሽ ተብሎ ይሰወራል። ለአንዲት ጊዜ ፊት ማዞር ቁርኣን ከወረደ፥ ለዓመታት ፊታችንን ያዞርን እኛ ምን እንመልሳለን?

ስለዚህ ዕለት ዕለት እግሩን በንጹሕ ውሃና በሳሙና ዕጠብለት፤ በጣቶቹ መካከል አድርቅለት፤ ቅባት ቀባው፤ ሲቀመጥም እግሩን ከፍ አድርግለት፤ ካልሲና የሚበቃው ጫማ አልብሰው፤ ወደ ጤና ጣቢያም ውሰደው። ነገር ግን ከመንካትህ በፊት ፈቃዱን ጠይቅ። ወንዱን ወንድ፥ ሴቲቱንም ሴት ትርዳ፤ መጋረጃው ይውረድ፥ ገመናው አይገለጥ። አንቺም እኅቴ፥ ልጆችሽን ከትንሽነታቸው ጀምሮ ጫማ አልብሻቸው። ጫማ የምትሸጥ ነጋዴም ብትሆን ለድኻው ዋጋውን ቀንስለት፤ ትርፉ በአላህ ዘንድ ነው።

ከታጠበና ከተጫማ በኋላም በጓዳ አትተወው። በሱቅህ ሚዛን ፊት አስቀምጠው፤ ከእንግዶችህ ጋር ቡና ይጠጣ፤ ድምፁ መልካም ከሆነም አዛን ይበል።

አላህ ሆይ፥ ደካሞቻችንን በክብር የምንጠብቅ አድርገን፤ ፊታችንንም ከእነርሱ አታዙርብን። አሚን።