የፍራንክሊን ትንሽ ደብተር

ቤንጃሚን ፍራንክሊን እ.ኤ.አ. በ1706 አሜሪካ፣ ቦስተን ውስጥ ከሻማና ሳሙና ሠሪ አባት ተወለደ። በ12 ዓመቱ በወንድሙ ማተሚያ ቤት ሙያ መማር ጀመረ።

ጎልማሳ ሲሆን ጥፋቱን ሁሉ በአንድ ጊዜ ለመተው ቆረጠ። አልሆነለትም፤ አንዱን ሲጠብቅ ሌላው ያመልጠዋል። ስለዚህ ግቡን ከፋፈለው። 13 በጎ ጠባዮችን ጻፈና በየሳምንቱ በአንዱ ላይ ብቻ አተኮረ። በደብተሩ ሠንጠረዥ አስምሮ ለሳተበት ቀን ነጥብ ያኖር ነበር። በ13 ሳምንት አንድ ዙር፣ በዓመት 4 ዙር ይሞላል። ዕቃንና ጊዜን በሥርዓት መያዝ እጅግ አስቸገረው፤ ሊተወውም ቃጥቶት ነበር። ፍጹም ባይሆንም ከቀድሞው እንደተሻለ በእርጅናው መሰከረ።

እህቶቼ፣ በሒሳብ ሥራዬ ከአቅም በላይ የታቀደ ቁጠባ በሁለተኛው ወር ሲቋረጥ አይቻለሁ። ዕቅዳችን የሚያተጋን እንጂ የሚሰብረን አይሁን።