ዐፄ ተክለ ጊዮርጊስ ዳግማዊና በላስታ ያለፈው ጠገራ ብር

የአገራችንን ገንዘብ የሚሰበስብ ሰው፥ የአቢሲኒያ ባንክ በ1907 ዓ.ም. ካወጣቸው የመጀመሪያ የወረቀት ብሮች ተነሥቶ ወደ ኋላ ቢሄድ ዐፄ ምኒልክ በ1880ዎቹ ያስመቱትን ብር ያገኛል። ከዚያ በፊት ግን፥ እስከ አክሱም ዘመን ድረስ፥ በሰሜኑ ደጋ የነገሠ የአንድም ንጉሥ መልክ በገንዘብ ላይ አይታይም። ከነዚህ መልካቸው ከቀረባቸው ነገሥታት መካከል ዕድላቸው ከገንዘብ ጋር ክፉኛ የተቆራኘው የላስታው ዋግሹም ጎበዜ ናቸው።

ጎበዜ የዋግሹም ገብረ መድኅን ልጅ ናቸው። የዋግ መሳፍንት ከንጉሥ ላሊበላ ቤት ከዛጔዎች እንደሚወለዱ፥ ዙፋኑን ከለቀቁ በኋላም በንጉሠ ነገሥቱ ፊት የመቀመጥ ማዕርግ ሳይቀር እንደ ተጠበቀላቸው ይተረካል። አባታቸውን ዐፄ ቴዎድሮስ በስቅላት ስለ ቀጡባቸው ጎበዜ ሸፈቱ፤ የቴዎድሮስ ኀይል ሲደክምም ላስታንና በዙሪያው ያለውን አገር ያዙ።

በዚያ ዘመን ላስታ የሚገበያየው በሁለት ገንዘብ ነበር። አንዱ አሞሌ ጨው ነው፤ ከአፋር በረሓ ተጭኖ በሰቆጣ ገበያ የሚራገፍ፥ ከምንጩ በራቀ መጠን የሚወደድ፥ ዝናብ ከነካው የሚሟሟ ገንዘብ። ሁለተኛው ማርያ ቴሬዛ የተሣለችበት ጠገራ ብር ነው። ንግሥቲቱ በ1780 እ.ኤ.አ. ሞታ ሳለ ብሩ ያንኑ ዓመት እንደ ያዘ መመታቱ አልቀረም። ክብደቱ 28 ግራም ያህል ነው። ባላገሩ የራስ ጌጧንና የትከሻዋን ፈርጥ ነጥብ በነጥብ ቆጥሮ፥ አንዱ ደብዝዞ ካገኘው አልቀበልም ይል ነበር። ይህን እንደ አላዋቂነት የቈጠሩት የውጭ ሰዎች ጥቂት አይደሉም፤ ሆኖም ባንክ በሌለበት አገር ከዚህ የተሻለ መፈተኛ ከየት ይመጣል?

ጄኔራል ናፒየር በ1860 ዓ.ም. በቴዎድሮስ ላይ ሲዘምት ይህን ጠባይ የሚያውቁ ስለ ነበሩ፥ እንግሊዞች ከ4 ሚሊዮን የሚበልጥ ጠገራ ብር አዘጋጁ፤ ብዙውም ለዚሁ ሲባል በቪየና ተመታ። 13,000 ያህሉ ወታደር ከዙላ ተነሥቶ፥ የአሸንጌን ሐይቅ አልፎ፥ በዋድላ ደጋ በኩል ወደ መቅደላ ሲወጣ ገብሱንም፥ ሣሩንም፥ የጭነቱንም ኪራይ በዚሁ ብር እየከፈለ ነበር። ጎበዜ መንገዱን አልዘጉም፤ የአባታቸውን ደም የሚመልስ ጦር ሳይለፉ መጥቶላቸዋልና። ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. መቅደላ ወደቀ፤ ቴዎድሮስም ሞቱ።

ሒሳቡ የተዛባው እዚህ ላይ ነው። በላስታ በኩል ያለፈው ብር በየባላገሩ እጅ ተበተነ። የትግራዩ ደጃዝማች ካሳ ምርጫ ግን ዘማቹን በስንቅ ስለ ረዱ ናፒየር ሲመለስ 12 መድፎችና 850 ገደማ ጠመንጃዎች ከነጥይታቸው ትቶላቸው ሄደ። ብርማ ጎበዜም ሊያገኙ ይችሉ ነበር፤ መድፉን ግን በሰቆጣ ገበያ የሚሸጥ አልነበረም።

ጎበዜ በዚያው ዓመት ተክለ ጊዮርጊስ ተብለው ነገሡ። የካሳን እኅት ወይዘሮ ድንቅነሽን አግብተው ነበር፤ የጎንደርን አብያተ ክርስቲያናት ለማሳደስም ደከሙ። ነገር ግን አቡነ ሰላማ በመቅደላ እስር ዐርፈው ስለ ነበር ቅብዐ መንግሥት የሚቀባቸው ጳጳስ አልነበረም። ካሳ በዚህም ቀደሟቸው፤ ብዙ ጠገራ ብር ወደ ግብፅ ልከው አቡነ አትናቴዎስን አስመጡ።

በሐምሌ 1863 ዓ.ም. ንጉሡ ወደ ትግራይ ዘመቱ። ሠራዊታቸው 60,000፥ የካሳ 12,000 እንደ ነበረ ይነገራል። ዓድዋ አጠገብ በአሰም ጦሩ ተገናኘ፤ መድፉም ቍጥሩን አሸነፈው። ተክለ ጊዮርጊስ ቆስለው ተማረኩ፤ ኋላም ዓይናቸው ጠፍቶ በእስር ሞቱ። ካሳ ጥር 13 ቀን 1864 ዓ.ም. በአክሱም ዐፄ ዮሐንስ ተብለው ዘውድ ጫኑ። እርሳቸውም በመልካቸው ገንዘብ አላስመቱም፤ በላስታ ገበያም ባላገሩ የማርያ ቴሬዛን ፈርጥ መቊጠሩን ቀጠለ።