የወሊሶው መንገደኛ፦ የክብር ዶክተር ጥላሁን ገሠሠ

ከመቱ ተነስቶ በጅማ በኩል አዲስ አበባ የሚገባ ሰው በደሌንና አጋሮን አልፎ፣ ጅማ አድሮ፣ የጊቤን በረሃ ወርዶ ከወጣ በኋላ ወሊሶ ይደርሳል። ቀጥሎ ቱሉ ቦሎ ነው። የሕክምና ተማሪ ሳለሁ ይህን መንገድ በአውቶቡስ ስመላለስበት ወሊሶ ለእኔ የምሳ ከተማ ብቻ ነበረች። መንገዱ የማን መንገድ እንደሆነ የነገሩኝ አባቴ ናቸው። አባቴ መቱ ውስጥ ዕድሜያቸውን ሙሉ ያስተማሩ መምህር ነበሩ፤ ከክፍል ቀጥሎ የሚወዱት ነገር ቢኖር የጥላሁን ገሠሠን ካሴት ነው።

የማኅበራችን መድብል አዘጋጆች ስለ አንድ ያለፈ ታዋቂ ሰው ጻፊ ሲሉኝ፣ ሐኪም እንደመሆኔ ስለ አንድ ታላቅ ሐኪም እንደምጽፍ ጠብቀው ይሆናል። እኔ ግን ዩኒቨርሲቲያችን የክብር ዶክትሬት ስለሰጠው ድምፃዊ ልጽፍ ነው። ምክንያቴን ወደ መጨረሻው እናገራለሁ።

ጥላሁን የተወለደው መስከረም 17 ቀን 1933 ዓ.ም. አዲስ አበባ ነው። እናቱ ወይዘሮ ጌጤ ጉርሙ፣ አባቱ አቶ ገሠሠ ወልደ ኪዳን ይባላሉ። በልጅነቱ ወሊሶ ከአያቱ ዘንድ ሄዶ ራስ ጎበና ትምህርት ቤት ገባ። አያቱ በትምህርቱ እንዲገፋ ይፈልጉ ነበር፤ የልጁ ልብ ግን ያለው ዘፈን ላይ ነው። ይህን ያስተዋሉት የትምህርት ቤቱ ዳይሬክተር፣ ሱዳናዊው ሚስተር ሸዳድ ነበሩ። አዲስ አበባ ሄዶ ሙያውን እንዲይዝ አበረታቱት። አባቴ ታሪኩን ሲያወሩ ሁልጊዜ እዚህ ላይ ቆም ይሉ ነበር። መምህር ናቸውና፣ ተማሪው ከመጽሐፉ ውጪ ምን እንዳለው ያየ መምህር ያስቀናቸዋል።

የሀገር ፍቅር ቴአትር ከያንያን፣ እነ ንጋቷ ከልካይና እነ እዮኤል ዮሐንስ፣ ለትርኢት ወሊሶ መጡ። ጥላሁን እዮኤልን አግኝቶ ምኞቱን ነገረው፤ እዮኤልም ሙያውን ከፈለገ አዲስ አበባ መምጣት እንዳለበት መከረው። ልጁ ውሎ ሳያድር በእግሩ ተነሳ። ቱሉ ቦሎ ደርሶ ዘመድ ቤት ቢያድርም ወሬው አያቱ ዘንድ ደረሰና ወደ ወሊሶ ተመለሰ። ታዲያ ልቡ አንዴ ሸፍቷል፤ ብዙም ሳይቆይ ጭነት መኪና ላይ ተደብቆ አዲስ አበባ ገባ። ሀገር ፍቅርም ተቀበለው።

ከጥቂት ዓመታት በኋላ ወደ ክብር ዘበኛ ኦርኬስትራ ተዛወረ። በዚያ ዘመን በውጭው ዓለም የሮክ ባንድ ማለት ጊታርና ከበሮ ይዘው ከየሰፈሩ የተሰባሰቡ ጎረምሶች ናቸው። በእኛ አገር ግን ትልልቆቹ ባንዶች የክብር ዘበኛ፣ የፖሊስና የምድር ጦር ነበሩ። ሳክስፎኑም ትራምፔቱም በመንግሥት ንብረትነት የተመዘገበ፣ ተጫዋቹም ደመወዝተኛ ነው። የክብር ዘበኛው ባንድ እነ ሳህሌ ደጋጎን የመሳሰሉ የዜማና የቅንብር ባለሙያዎች ነበሩት። ከዚያ ሁሉ የነሐስ መሣሪያ ፊት ቆሞ ድምፁ ሳይዋጥ የሚሰማ ሰው ያስፈልግ ነበር፤ ጥላሁን ያ ሰው ሆነ። ገና ሃያ ዓመት ሳይሞላው የባንዱ ዋና ድምፃዊ ነበር።

ታኅሣሥ 1953 ዓ.ም. የክብር ዘበኛው አዛዥ ጄኔራል መንግሥቱ ንዋይ ከወንድማቸው ከግርማሜ ንዋይ ጋር የሞከሩት መፈንቅለ መንግሥት ከሸፈ። የክብር ዘበኛ ባልደረባ መሆን በራሱ የሚያስጠረጥር ነገር ሆነ። ጥላሁንም ታሰረ፤ ለጊዜው መድረክና ማይክሮፎን ራቁት። ከእስር ወጥቶ ወደ ሙዚቃው ተመለሰ፤ በኋላም ዛሬ ብሔራዊ ቴአትር በምንለው ቤት ዘፈነ። ንጉሠ ነገሥቱ ፊት ቀርቧል፤ ከንጉሡ በኋላ በመጣው ሥርዓትም ሕዝቡ ከእሱ ጋር ነበር። በድርቁ ዘመናት ለተራበው ወገን ገንዘብ ለማሰባሰብ ዘፍኗል። ሲዘፍን እንባው በጉንጩ ሲወርድ ያየው ተመልካችም አብሮት ያለቅስ ነበር።

መቱ ላይ ድምፁ የሚደርሰን በሬዲዮና በካሴት ነው። ቡና በሚለቀምበት ወቅት ከየቡና ቤቱ፣ ከየጭነት መኪናው ጋቢና ይሰማል። ከጎሬ እስከ በደሌ ያለው የኢሉባቦር ሕዝብ በአማርኛም በኦሮምኛም ስለሚሰማው እኛ አገር የማን ዘፋኝ ነው የሚል ክርክር አልነበረም። አባቴ ፈተና ሲያርሙ ካሴቱን ያስገባሉ። እኛ ልጆች ደግሞ ውጤት የምንለምነው ዘፈኑ ሲጀምር እንጂ ሲያልቅ አልነበረም፤ ሲያልቅ ቀይ እስክሪብቶው ይጨክናል።

በ1980ዎቹ አጋማሽ አንገቱ ላይ በስለት ክፉኛ ተጎዳ። አገር ሁሉ ደነገጠ፤ እሱ ግን ተርፎ እንደገና ዘፈነ። አንገት ውስጥ ስንት ነገር ተጨናንቆ እንደሚያልፍ በአናቶሚ ክፍል ያየን ሰዎች ይህን ቀላል ነገር አንለውም። ከዚያ በኋላ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የክብር ዶክተርነትና የኢትዮጵያ የሥነ ጥበባትና የመገናኛ ብዙኃን ሽልማት ድርጅት የሕይወት ዘመን ሽልማት ባለቤት ሆነ። የድሮ ሥራዎቹም ኢትዮፒክስ በተባለው የፈረንሳይ ተከታታይ አልበም 17ኛ ቅጽ ታትመው የውጭ አድማጭ ዘንድ ደረሱ።

እንግዲህ እስር ያላስቀረውን፣ ስለት ያልጣለውን ሰው የጣለው ስኳር ነው። የስኳር ሕመም እግሩን እስከ መቆረጥ አደረሰው፤ በመጨረሻም ሚያዝያ 11 ቀን 2001 ዓ.ም.፣ በፋሲካ ዕለት፣ አዲስ አበባ ላይ ወደ ሕክምና ሲወሰድ አረፈ። በቅድስት ሥላሴ ካቴድራል ሲቀበር የወጣው ሕዝብ ለከቶም የማይረሳ ነበር።

በዚያን ጊዜ እኔ ከተመረቅሁ አምስት ዓመት ሆኖኝ ኢሉባቦር ውስጥ እሠራ ነበር። የቀብሩን ሥነ ሥርዓት ከአባቴ ጋር ቤታችን ተቀምጠን በቴሌቪዥን አየን። አባቴ ራሳቸው ከጥቂት ዓመታት ወዲህ የስኳር ታማሚ ነበሩ። ያን የሚያህል ሰው እንዴት በእግሩ ይጠቃል ብለው ጠየቁኝ። እኔም ክፍል ውስጥ እንዳለ አስተማሪ አስረዳኋቸው፤ ስኳሩ ለብዙ ዓመታት ከፍ ብሎ ሲቆይ ነርቭን እንደሚጎዳ፣ እግር ሕመምና ሙቀት መለየት እንደሚያቆም፣ የደም ሥር ሲጠብ ትንሽ ቁስል እንደማይድን፣ ኢንፌክሽን ከገባ አጥንት ድረስ እንደሚዘልቅ። በጥሞና አዳመጡኝ፤ ጎበዝ ሐኪም እንደሆንኩም ነገሩኝ። ታዲያ ያን ሁሉ ስናገር አባቴ ካልሲ አድርገው ከፊቴ ተቀምጠዋል፤ ካልሲውን አውልቁልኝ አላልኩም።

ሁለት ዓመት አለፈ። በየወሩ ስኳራቸውን እለካለሁ፣ መድኃኒታቸውን አስተካክላለሁ፤ እግራቸውን ግን አላየሁም። የመቱን ክረምት የምታውቁት ታውቁታላችሁ፣ ዝናቡ አያባራም። በ2003 ክረምት አባቴ ማታ ማታ እግራቸውን ምድጃ ላይ ያሞቁ ነበር። ተቃጠሉ፤ አልተሰማቸውም። እኔ ያወቅሁት ሽታው ሲመጣ ነው። ቀኝ እግራቸው ላይ ሁለት ጣት ተቆረጠ። አልወቀሱኝም። ከሆስፒታል ወጥተው የመጀመሪያው ማታ ካሴቱን አስገቡና ድምፁን ከፍ አደረጉ፤ ምን እንዳሰቡ ገብቶኛል። ከዚያ በኋላ ስድስት ዓመት ኖሩ፤ እስከ መጨረሻቸው በገዛ እግራቸው ይሄዱ ነበር።

ስለ ጥላሁን የጻፍኩት ለዚህ ነው። ዛሬ ከጎሬ፣ ከሁሩሙ፣ ከያዮ፣ ከአልጌ የስኳር ታማሚ ሲመጣ ከደም ምርመራው በፊት ጫማ አስወልቃለሁ። በጣቶች መካከል አያለሁ፣ ተረከዝ እዳስሳለሁ፣ ቀጭኗን የናይለን ክር መዳፉ ላይ አስነክቼ ይሰማው እንደሆነ እጠይቃለሁ። ሁለት ደቂቃ ቢፈጅ ነው። ወደ ቤቱ ሲሄድ የምመክረውም ቀላል ነው፤ ማታ ማታ እግርህን እይ፣ ማየት ካቃተህ ልጅህ ይይልህ፣ በባዶ እግር አትሂድ፣ ከቦቲ ስትወጣ እግርህን በደንብ አድርቅ፣ እሳት አታስጠጋው፣ ቁስል ካየህ ገበያ ቀን አትጠብቅ። ሰው ካልገባው የጥላሁንን ነገር አነሳለታለሁ፤ ያን ጊዜ ያዳምጣል። ወጣቶቹም ሳይቀሩ ያውቁታል።

ውድ ጓደኞቼና መምህሮቼ፣ በዚህ ዓመት መሰባሰቢያችን ላይ ፀጉራችን የሸበተ፣ ወገባችን የሰፋ ብዙዎች ነን። ጥቂቶቻችን የራሳችን ስኳር ከፍ እንዳለ እያወቅን ዝም ብለናል። የምታስተምሩትም፣ ተማሪ ይዛችሁ አልጋ ለአልጋ ስትዞሩ ብርድ ልብሱን ከእግር በኩል መግለጥን አስተምሩልን። ወደ ቤት ስትመለሱም ከወላጆቻችሁ ፊት በርከክ ብላችሁ ካልሲያቸውን አውልቁ።

እኔ ለበዓሉ በጅማ በኩል ነው የምመጣው። ወሊሶ ላይ ለምሳ ስንወርድ ያ ልጅ ወደ ቱሉ ቦሎ በእግሩ የሄደበትን አቅጣጫ አሁንም አየዋለሁ።